ግብሩስ ይሁን፣ ገማቹ ማን ነው?

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የወገራ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ ከአንድ ቀን ጨዋታ የተቀዳ አይደለም፤ በዚህ ደጋ ሐምሌ በገባ ቁጥር በየሱቁ በረንዳ የሚነሳውን ሙግት ለሦስት ተናጋሪዎች አከፋፍዬ ያቀናበርኩት ነው። ጡረተኛው ዕድሜውን በገንዘብና በግብር ሥራ የጨረሰ ሰው ነው። ባለሱቋ የወንድሙ ልጅ ናት፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ምስማርና ቆርቆሮ ትሸጣለች። ገበሬው የቢራ ገብስና ነጭ ሽንኩርት ያመርታል፤ ዝናቡ እስኪያባራ ገብቶ የተቀመጠ ደንበኛ ነው።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ እርስዎ መቼም ጡረታ ቢወጡም ልብዎ ያለው መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ነው። እስቲ ይፍረዱ። በሬ ላይ ቆሞ መደርደሪያዬን በዐይኑ ሰልቶ «የቀን ሽያጭሽ ይህን ያህል ነው» የሚለኝ ሰው ምን ዐውቆ ነው?

ጡረተኛው፦ ደብተር ብትይዢ ማን ይገምትሽ ነበር?

ባለሱቋ፦ ደብተርማ ይዤ ነበር። ያኔ በሌላ ከተማ ነው የምሠራው። ገማቾቹ የመጡት ለበዓል ዋዜማ፣ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው ሲጋፋ ነው። ያንን ቀን በዓመቱ ቀን አባዙት። ደብተሩን ባሳያቸው «ይሄንንማ የጻፍሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ታዲያ ማን እንዲጽፍልኝ ኖሯል?

ጡረተኛው፦ አቤት ማለት ትችዪ ነበር። ቅሬታ ሰሚ አለ።

ባለሱቋ፦ አልኩ እንጂ። ቅሬታዬን የሰማኝ ከገማቾቹ አንዱ ነበር።

ገበሬው፦ (እየሳቀ) ዳኛውም እሱ፣ ከሳሹም እሱ!

ጡረተኛው፦ ይሄ ጥፋት ነው፣ አልክድም። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የቀን ገቢ ግምቱ ሲወጣ በአዲስ አበባም በኦሮሚያ ከተሞችም ሱቅ እስከ መዝጋት የተደረሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ልጄ፣ ነገሩን ከእኔም ወገን ሆነሽ እዪው። ይህች አገር በዓመት ከምታፈራው ከእያንዳንዱ መቶ ብር ውስጥ በግብር የሚገባው አሥር ብር አይሞላም። በአሥር ብር ሆስፒታል፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የወታደር ደመወዝ፣ የዕዳ ወለድ! አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ከዚህ የተሻለ ይሰበስባሉ። ካልሰበሰብን እንበደራለን፤ ካልሆነም ብር ይታተምና ያው ስኳርሽ ላይ ዋጋ ሆኖ ይመጣል። ያም ግብር ነው፤ ያውም ገማች የሌለው።

ባለሱቋ፦ ይሰብሰብ። ከማን ነው ጥያቄው።

ጡረተኛው፦ ከማን ነው ካልሽ ልንገርሽ። በዚህ አገር ሳይገመት፣ ሳይከራከር የሚከፍለው ደመወዝተኛው ብቻ ነው። ወንድምሽን መምህሩን ውሰጂ። ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን፣ በ2008 በወጣው ሕግ ብሩን በእጁ ሳይነካው 2,045 ብር ይቆረጥበት ነበር። ሐምሌ 2017 ላይ ሕጉ ሲሻሻል 1,650 ሆነለት። በወር 395 ብር ተረፈው። አንቺ ዘይት የምትሸጪለት ሰው ነው፤ ደስ ሊልሽ ይገባል።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ ሒሳብ ካነሱማ እኔም የንግድ ሰው ነኝ። በድሮው ሕግ ግብር የማይነካው እስከ ስንት ነበር?

ጡረተኛው፦ 600 ብር። ከዚያ በፊት፣ በ1994ቱ ሕግ፣ 150 ነበር። አሁን 2,000 ደርሷል።

ባለሱቋ፦ በ2008 ዶላር ወደ 22 ብር ገደማ ነበር። 600 ብር 27 ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 2016 ብሩ ገበያ ላይ ከተለቀቀ ወዲያ ያለውን ዋጋ ደግሞ ያውቁታል፤ 2,000 ብር 15 ዶላር አይሞላም። እና ለወንድሜ ተጨመረለት ወይስ ተቀነሰበት? ቆርቆሮው የሚመጣው በዶላር ነው፤ ጫማውም፣ መድኃኒቱም።

ጡረተኛው፦ ... እንደዚያ ስትመነዝሪው እውነት አለሽ። ሕጉ ግን የሚጻፈው በብር ነው።

(ጡረተኛው እዚህ ላይ መልስ አጥቶ ሳይሆን መልሱ ከእሱ በላይ ያለ ስለሆነ ነው ያለፈው። የግብር እርከን በዋጋ ንረት ልክ በየዓመቱ ራሱን የሚያስተካክልባቸው አገሮች አሉ። የእኛ ግን ከ1994 እስከ 2008፣ ከ2008 እስከ 2017 ባለበት ተቀመጠ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ምክር ቤት ሳይሰበሰብ፣ ዐዋጅ ሳይወጣ በደመወዝተኛው ላይ ግብር በዝምታ ሲጨመር ኖረ ማለት ነው።)

ገበሬው፦ እኔ የሁለታችሁም ነገር ግራ ገባኝ። የእኔ ግብር እንደዚህ አያነታርክም። መሬቴ ይታወቃል፣ ደብተር አለኝ፣ በሄክታሩ ልክ የመሬት መጠቀሚያዬንና የእርሻ ግብሬን ከፍዬ ደረሰኜን በኪሴ ከትቼ እመለሳለሁ።

ጡረተኛው፦ በረዶ ቢመታህስ? ገብሱን ዋግ ቢበላውስ?

ገበሬው፦ ያው እከፍላለሁ።

ጡረተኛው፦ ፍትሕ ነው እንግዲህ? መሬት እንጂ ምርት አይቆጠርልህም። አንተ ደጋ ላይ ድንጋይ የምታርሰውና ጥቁር አፈር ላይ ያለው ጎረቤትህ በሄክታር እኩል ናችሁ።

ገበሬው፦ ይሁና! ወንድምዓለም፣ እኔ የምፈራው ብዙ መክፈልን መሰለህ? አውድማዬ ላይ ቆሞ «ይህ ስንት ኩንታል ይወጣዋል» የሚል ሰው ነው የምፈራው። ያ ሰው አንዴ ከመጣ፣ ከእኔ ጋር ሲስማማ ያሳንሰዋል፣ ሲጣላ ያበዛዋል። ሄክታር ግን አይጣላኝም።

ጡረተኛው፦ ይኸ ፍርሃት የዛሬ አይደለም። በ1937 የመሬት ግብር ዐዋጅ ሲወጣ ሌላው አገር በጋሻ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ሲመደብ፣ በጌምድር፣ ጎጃምና ትግሬ ከጣሊያን በፊት ይከፍሉት የነበረውን ቁርጥ ግብር ይዘው ቀሩ። ርስቱ እንዳይለካ ነው። በ1960 ደግሞ ጃንሆይ ዐሥራቱን አንስተው በእርሻ ገቢ ላይ የሚሰላ ግብር አመጡ። በወረቀት ላይ ካየኸው ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ የተሻለ ሕግ ነው፦ ያመረተ ይከፍላል፣ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላል። ጎጃም ግን ሸፈተ። ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ሞጣ፣ ቢቸና ነደደ። አውሮፕላን ተልኮ ቦምብ ተጣለ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ተማረ፤ ሕጉም እዚያ ሳይሠራ ቀረ።

ገበሬው፦ ደግ አደረጉ። ገማቹ የማን ሰው ነበር?

ጡረተኛው፦ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፣ በመንግሥት የተመረጡ።

ገበሬው፦ አየህ! ሕጉ ጥሩ ነበር ትለኛለህ። ሕጉን ገበሬው መች አየው? ያየው ገማቹን ነው።

ባለሱቋ፦ እንዲህ ነው እንጂ አያ! እኔ ከጠዋት ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነው።

ጡረተኛው፦ ግን ያ ሕግ በመክሸፉ ማን ተጠቀመ? ድሃው ገበሬ? ባላባቱ ነው እኮ፤ ሰፊ ርስት ይዞ እንደ ጥንቱ ጥቂት እየጣለ የኖረው እሱ ነው። ድሃው ለባላባቱ ሲል ሞተ።

ገበሬው፦ ይሆናል። የሞተው ግን ለባላባቱ ብሎ አይደለም። ለመሬቱ ብሎ ነው።

ጡረተኛው፦ ከዚያም በፊት ያው ነው። እዚሁ ተራራው ሥር፣ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው መንገሻ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን! ከዚያ አንዱ ትልቁ ሐሳባቸው ምን ነበር? ለየደብሩ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገባሩ ይሰጥና ይገብር። በዛሬ ቋንቋ ግብር የማይከፍለውን ወደ ግብር ማስገባት ማለት ነው። ካህናቱና አቡነ ሰላማ ተነሡባቸው፤ ንጉሡም ከቤተ ክህነት እንደተጣሉ ቀሩ።

ገበሬው፦ እሳቸውስ መሬቱን ወስደው ለወታደር ቀለብ ሊያደርጉት አልነበረም?

ጡረተኛው፦ ወታደሩ ከገበሬው ቤት ገብቶ እየዘረፈ ከሚበላ ደመወዝ ቢኖረው አይሻልም? ምኒልክም ከክፉ ቀን በኋላ ዐሥራትን የደነገጉት ለዚሁ ነው፤ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየገባ መቀለቡን እንዲተው።

ገበሬው፦ ዐሥራቱን ከፈልን፣ ወታደሩም መምጣቱን አልተወም ይሉ ነበር አባቶቻችን።

(በዚህ ነጥብ እኔ ለገበሬው አደላለሁ። የአገራችን የግብር ማሻሻያ ታሪክ አዲስ ጫና አሮጌውን ይተካል ተብሎ መጥቶ ከአሮጌው ጎን የሚቀመጥበት ታሪክ ነው። የትምህርት ግብር በ1940፣ ኋላም የጤና ግብር በመሬቱ ግብር ላይ ተደረቡ፤ የቀነሰ ነገር ግን አልነበረም።)

ገበሬው፦ በደርግ ጊዜ ደግሞ ግብሩ ትንሽ ነበር። ታስታውሳለህ? የመሬት መጠቀሚያ የተባለችው ብር ይህን ያህል አትከብድም። የገደለን ኮታው ነው። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ይህን ያህል ኩንታል አስገባ ትባላለህ፤ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ገብስህ ካልበቃ ከገበያ በውድ ገዝተህ ለመንግሥት በርካሽ ታስገባለህ። የእናት አገር ጥሪም አለ በዚያ ላይ። ልጅ ለዘመቻ ሲወሰድም አለ። ይህን ሁሉ ግብር ብሎ የጻፈው ሰው የለም።

ጡረተኛው፦ ኮታው በ1982 ተነሣ።

ገበሬው፦ ኮታው ተነሣ፤ መዋጮ ግን አልተነሣም። ለትምህርት ቤት ክፍል፣ ለመንገድ፣ ለስፖርት፣ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለእንግዳ መቀበያ፣ እንዲያው ለማላውቀው ነገር ሁሉ። መስጠቱ አይደለም የሚከፋኝ። ባለፈው የከፈልኩት የት ደረሰ ብዬ ብጠይቅ የሚያሳየኝ ወረቀት የለም። የመሬት ግብሬ ደረሰኝ አለው፤ ከእሱ የሚበልጠው መዋጮዬ የለውም።

ጡረተኛው፦ አንተ ከዚያም በላይ ትከፍላለህ፣ አታውቀውም እንጂ። ገብስህ ወዴት ይሄዳል?

ገበሬው፦ ጎንደር፣ ብቅል ፋብሪካ።

ጡረተኛው፦ ከብቅሉ ቢራ ይሆናል። ቢራው ላይ ኤክሳይዝ ይጫናል፤ ኤክሳይዙ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ደግሞ 15 ከመቶ ቫት። ለገበያ መጥተህ አንድ ጠርሙስ ስትጠጣ የራስህን ገብስ ግብር ጨምረህ መልሰህ ገዛኸው ማለት ነው። የለበስከው ካቦርት ከውጭ የመጣ ነው፤ ቀረጥ አለበት፣ 10 ከመቶ ሱር ታክስ አለበት፣ ከእነዚያ ሁሉ በላይ ቫት። ሳሙናህም፣ የባትሪ ድንጋይህም እንዲሁ። ደምረህ ብታየው ከመሬት ግብርህ ይበልጣል ብል አላፍርም።

ገበሬው፦ እንዲያ ከሆነ እኔ ከባለሀብቱ እኩል ነኝ በለኛ።

ባለሱቋ፦ በሳሙናው እኩል ነዎት አያ። እሱ ግን የሳሙና ገንዘቡ ከገቢው ኢምንት ናት።

ጡረተኛው፦ የቫት ድክመቱ እሱ ነው። ጥሩነቱም በዚያው ነው፦ ገማች የለውም። በዋጋው ላይ ተጽፎ ይመጣል።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ ደረሰኝ ካለ ነዋ! ከጅምላ ሻጭ ዘንድ ስሄድ ምን እንደሚባል ያውቃሉ? «በደረሰኝ ከሆነ በዚህ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ በዚህ።» ያለ ደረሰኙ ይረክሳል። በደረሰኝ ብገዛ ከጎኔ ያለው ሱቅ በርካሽ ይሸጣል፣ ደንበኛዬም ወደሱ ይሻገራል። ያለ ደረሰኝ ከገዛሁ ደግሞ ስንት እንዳወጣሁ ማስረዳት አልችልምና ገማቹ እጅ እወድቃለሁ። ከላይ ያለው ሰው የሰወረውን እኔ ከታች ሆኜ እንድከፍልለት ነው።

ጡረተኛው፦ ለዚህ እኮ ነው አዲሱ ሕግ ያቀለለልሽ። ዓመታዊ ሽያጭሽ ከ2 ሚሊዮን ብር ካልበለጠ ትርፍሽን፣ ወጪሽን የሚመረምር የለም። ከሽያጭሽ ላይ ተሰልቶ ትከፍያለሽ። ሦስት የነበረው የግብር ከፋይ ደረጃም ሁለት ሆነ።

ባለሱቋ፦ ከሽያጭ ነው እንጂ ከትርፍ አይደለማ። ፀጉር ቆራጩ 100 ብር ቢቀበል 80ው የራሱ ነው። እኔ የ100 ብር ስኳር ስሸጥ 4 ብር ካተረፍኩ ጎበዝ ነኝ። ሁለታችን በሽያጭ እኩል ብንሆን በግብር እኩል ነን? ደግሞስ ሽያጬን ማን ነው የሚያውቀው? ተመልሰን እዚያው መደርደሪያዬ ፊት ቆምን።

ጡረተኛው፦ ...

ባለሱቋ፦ ሌላም አለ። ሽያጭ ከፍ ሲል ተመኑም ከፍ ይላል። ስለዚህ ሱቁ ያደገ ሰው ምን ያደርጋል? ግማሹን ፈቃድ በእህቱ ስም ያወጣል። አንድ በር፣ ሁለት ፈቃድ። ሕጉ ማደግን ይቀጣል፤ እኛም ትንሽ መምሰልን እንለምዳለን።

ጡረተኛው፦ ትላልቆቹም አልተተዉም። ኪሳራ ነው የሚል ድርጅት ቢያንስ ከሽያጩ 2.5 ከመቶ ይከፍላል ተብሏል። ለዓመታት «ከሰርኩ» እያሉ ፎቅ የሚያስገነቡትን ያመጣቸዋል።

ባለሱቋ፦ እውነት የከሰረውንስ? በዚህ መንገድ ላይ ዕቃ ማስመጣት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ከጎንደር እስከዚህ ስንት ቦታ እንደሚቆም፣ ስንት ቦታ እንደሚከፈል። ለማን እንደሆነ አልናገርም። ለዚያ ደረሰኝ የለም፤ ወጪ ነው ብዬ ባቀርብ ማን ይቀበለኛል?

ገበሬው፦ ኬላ ለዚህ መንገድ አዲሱ አይደለም። የጥንቱ ነጋዴ ከምጽዋ ተነስቶ ሊማሊሞን ሲወጣ፣ ደባርቅን ሲያልፍ እየተቀረጠ ነው ጎንደር የሚደርሰው።

ጡረተኛው፦ የጥንቱ ቢያንስ ኬላው የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

(ዝናቡ በረታ። ባለሱቋ ቡና ቀዳች። ስለ ኬንያ ትንሽ ተወራ፦ በሰኔ 2016 ወጣቱ አደባባይ ወጥቶ፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቶ፣ ፕሬዚዳንት ሩቶ የፋይናንስ ረቂቁን እንደ መለሱት። ባለሱቋ «እዚያ ረቂቁ ሕግ ሳይሆን በፊት ሕዝቡ አንብቦት ነበር» አለች። ጡረተኛው በሌላው አቅጣጫ ሄደ፤ የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ደረሰኝ ለሚጠይቅ ሸማች ከግብሩ ከፊሉን እንደምትመልስ፣ ዕጣም እንደምታወጣ ነገራቸው። ገበሬው ይህን ወደደው።)

ገበሬው፦ ለእኔ ከሳሙናው ላይ የሆነች ነገር ቢመለስልኝ እኔው ራሴ ደረሰኝ እጠይቃት ነበር። ገማችም አያስፈልጋት።

ጡረተኛው፦ እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገውን ልንገራችሁ። ግምቱን እለጥፈው ነበር። በአደባባይ፣ በወረዳው ግድግዳ ላይ። እገሊት ባለሱቅ የቀን ሽያጭ ይህን ያህል፣ እገሌ ወፍጮ ይህን ያህል። ሁሉም የጎረቤቱን ያያል። የተበደለ ይናገራል፣ የተሰወረ ይጋለጣል። የጓደኛ ግምት፣ የዘመድ ግምት በዚያ ቀን ያበቃል።

ባለሱቋ፦ ጋሼ!

ጡረተኛው፦ ምን?

ባለሱቋ፦ በዚህ ጊዜ? ሰው ከመንገድ ታግቶ ለዘመዱ ስልክ በሚደወልበት ጊዜ የእኔን የቀን ሽያጭ ግድግዳ ላይ? ስሜንና ቁጥሩን አስተካክሎ ጽፎ ለአጋቹ መንገር ነው የቀረው። የእኔ ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ጡረተኛው፦ ...

ገበሬው፦ ይህቺ ልጅ እውነቷን ነው። እኔም ሽንኩርት የሸጥኩ ለት ዋጋውን ለሰው አልናገርም።

ጡረተኛው፦ (ዘግየት ብሎ) ይህን አላሰብኩትም። በእኔ ጊዜ ሰው ሀብቱን የሚደብቀው ከመንግሥት ነበር።

ባለሱቋ፦ አሁን ከሁሉም ነው። ስለዚህ ባንክ አስገቢ፣ በስልክ ክፈዪ ሲሉን የምናመነታው ሁሌም ግብር ልንሰርቅ ብለን አይመስለዎት። ሰላም የሌለበት አገር ላይ ግልጽነት የሚባለው ነገር ራስን መስጠት ነው።

ጡረተኛው፦ እሺ። ስም ይቅር። ሥራውን ብቻ እንለጥፍ። በዚህ ከተማ ሸቀጣሸቀጥ፣ ይህን ያህል ስፋት ያለው ቤት፣ በዋናው መንገድ ዳር ከሆነ ከዚህ እስከዚህ። ወፍጮ ቤት በጥርስ ብዛት። ቡና ቤት በወንበር። ሠንጠረዡ ሐምሌ ሳይገባ፣ በጥር ይውጣ። ገማቹ ከሠንጠረዡ ከወጣ ለምን እንደወጣ በጽሑፍ ይፈርም። ቅሬታውን የሚሰማውም ካልገመቱት ሰዎች ይሁን፤ ቢቻል ከሌላ ወረዳ።

ባለሱቋ፦ ሠንጠረዡን ማን ይሠራዋል? እኛ ነጋዴዎቹ ካልተቀመጥንበት ያው ነው።

ጡረተኛው፦ ትቀመጣላችሁ። ግን እናንተ ብቻችሁን ከተቀመጣችሁ ሁሉም ሱቅ ኪሳራ ይሆናል።

ባለሱቋ፦ (ሳቀች) እሱም አለ። ገዢም ይቀመጥ እንግዲህ። አያን የመሰለ ሰው፤ ሱቄ መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ ዝንብ እሽ እንደምልበት ያውቃል።

ገበሬው፦ እኔን ካስቀመጣችሁኝ አንድ ነገር አስገባለሁ። የከተማውን ግምት ስትለጥፉ፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ከቀበሌዬ በዓመቱ የተሰበሰበው መዋጮ ስንት እንደሆነና ምን እንደተሠራበት ይለጠፍ። እሱ የማንም ስም የለበትም፤ አጋችም አያመጣም።

ጡረተኛው፦ እሱ እንኳ ከባድ ነው።

ገበሬው፦ ከሱቁ ግምት ይከብዳል?

ጡረተኛው፦ ግብር ከሆነ ሕግ አለው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያውም፣ የገበሬው ገቢ ግብርም፣ የግለሰብ ነጋዴው ግብርም የክልሉ ነው። ክልሉም ለወረዳው ድጎማ አድርጎ ይሰጣል፤ ሒሳቡ ይመረመራል። መዋጮ ግን በሕዝብ ፈቃድ የተሰበሰበ ነው የሚባለው። ማን ይመርምረው?

ገበሬው፦ ፈቃዴ ከሆነማ እኔ ልመርምረው።